የልብ ስትረስ ቴስት፦ የሚወራውና እውነታው

ስትረስ ቴስት ከምስል ጋር የታዘዘለት ሰው ከሐኪሙ ይልቅ ከጎረቤት ብዙ ይሰማል። የምርመራው ሐሳብ ግን ቀላል ነው። ልብ ሲያርፍ አንድ ምስል፣ ሥራ ሲበዛበት ሌላ ምስል ይነሣል። ሲያርፍ ደም የሚበቃው፣ ሲሠራ ግን የሚያጥረው ቦታ ከታየ የደም ቧንቧ ሳይጠብ አልቀረም ማለት ነው።

«ያስሮጡኛል፤ መሐል ላይ እወድቃለሁ»

የምትራመዱት በመሮጫ ማሽን ላይ ነው፤ ብሩስ የሚባለው የተለመደው አካሄድ የሚጀምረው በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። ከተራ እርምጃ ያንሳል። የሚያደክመው ዳገቱ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እንደመውጣት። በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የልብ ምት ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ የቀረው 85 በመቶ ነው፤ ለ60 ዓመት ሰው በደቂቃ 136 ምት። ባለሙያው ኢሲጂውን (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያሳየውን) እና የደም ግፊቱን እያየ አጠገባችሁ ይቆማል። ደረታችሁን ካመማችሁ ወዲያው ተናገሩ፤ ጥርስ ነክሶ መቻል እዚህ አይጠቅምም።

«ጉልበቴን ስለሚያመኝ አይሆንልኝም»

ይሆናል። እንደ አዴኖሲን ወይም ሬጋዴኖሰን ያለ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ጤነኛው ቧንቧ በደንብ ይሰፋል፣ የጠበበው ግን እንደ ጓደኛው አይሰፋም። ልዩነቱ ምስሉ ላይ ይወጣል። ፊት ይግላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደረት ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። አስም ካለባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ዶቡታሚን የሚባል ሌላ አማራጭ አለ።

«አንዲት ስኒ ቡና ምን ታመጣለች?»

እኛን ባለሙያዎቹን የሚያስቸግረን ይሄኛው ነው። ካፌይን እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። መድኃኒቱ ይገባል፣ ቧንቧው ግን እንደሚገባው አይሰፋም፤ የታመመው ልብ ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እንደየሆስፒታሉ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቀድሞ ማቆም ይታዘዛል። ሻይ፣ ኮካ፣ ቸኮሌት፣ አንዳንድ የራስ ምታት ክኒኖችም ውስጥ ካፌይን አለ። ካፌይን የወጣለት የሚባለውም ቡና ቢሆን ጥቂት አይጠፋውም። ቤት ቡና ከተፈላ በመዓዛው ጥገቡ፤ «አቦል ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ጠጥታችሁ ከሆነ ለነርሷ ሳትደብቁ ንገሯት። ቢበዛ ቀጠሮ ይለወጣል።

«የሚወጋው ቀለም ኩላሊት ይጎዳል»

ይሄ ከሲቲ ስካን ቀለም ጋር መምታታት ነው። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚወጋው ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር ያለበት ጥቂት ፈሳሽ ነው። ጨረሩ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ የቀረውም በሽንትና በሰገራ ይወጣል። ያም ሆኖ ጨረር ጨረር ነው፤ እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ጡት የምታጠቡ ከሆነ ሳይወጋ በፊት ተናገሩ። በዚያው ሰሞን በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው የኤርፖርቱ መሣሪያ ሊጮህበት ስለሚችል ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ይያዝ። በአልትራሳውንድ የሚሠራው፣ ስትረስ ኤኮ የሚባለው፣ ጨረር የለውም።

«ቶሎ ያልቃል»

አያልቅም። ከመርፌው እስከ ካሜራው፣ ከአንዱ ምስል እስከ ሌላው መጠበቅ አለ። ከ3 እስከ 4 ሰዓት ያዙለት። ካሜራው ሥር እጅን ከራስ በላይ አድርጎ ሳይነቃነቁ መተኛት ነው፤ ትከሻ የሚያመው ይህን ቀድሞ ይናገር።

«ውጤቱ ደህና ከሆነ ክኒኔን አቆማለሁ»

ምርመራው የሚያየው የደም ፍሰቱን ነው። ፍሰቱን ገና ያልገታ ስብ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ሊኖር ይችላል። የኮሌስትሮልም የግፊትም መድኃኒት ያለ ሐኪም ቃል አይቆምም። ለምርመራው ጠዋትም እንደዚያው፤ የልብ ምትን የሚቀንሱ ክኒኖችን ሳትወስዱ እንድትመጡ የሚነግራችሁ ሐኪሙ ነው፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድም መጠኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።