«ሜሞሪ ኬር» ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን አሜሪካ ላለነው ወገኖቹ ሲያስረዳ፣ «ሜሞሪ ኬር ማለት የመርሳት በሽታ የሚታከምበት ሆስፒታል ነው፤ እናታችሁን አስገቧቸው፣ ሜዲኬር ይከፍላል» ሲል ሰማሁ፤ ሜዲኬር የሚለው የመንግሥትን የአረጋውያን ጤና መድን ነው። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። አረጋውያን በሚኖሩባቸው ቤቶች በነርስነት ስሠራ፣ ይህንኑ አምነው የመጡ ልጆች ወርሃዊው ክፍያ ሲነገራቸው ክው ብለው ሲቀሩ አይቻለሁ።

ሜሞሪ ኬር ሆስፒታል አይደለም። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ በሩ በኮድ ይከፈታል፣ ቀንም ሌሊትም ሠራተኛ አለ። ፈቃዱ በአብዛኛው የአሲስትድ ሊቪንግ፣ ማለትም ለዕለት ኑሮ እርዳታ የሚሰጥ መኖሪያ ነው፤ የሚሰጠውም የሚቆጣጠረውም ግዛቱ ነው። ነርሲንግ ሆም (የነርስ እንክብካቤ የሚሰጥበት ቤት) ግን ከእ.ኤ.አ. 1987ቱ ሕግ ወዲህ በፌዴራል መመዘኛ ይፈተሻል፣ ሜዲኬር በድረ ገጹ የጥራት ደረጃ ኮከብ ይሰጠዋል። ስለዚህ «ኮከቡን አይታችሁ ምረጡ» የሚለው ምክር ለአብዛኞቹ ሜሞሪ ኬር ቤቶች አይሠራም። አንዳንድ ግዛት በዚህ ስም ለመጠራት የተለየ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ሌላው ጋ ቁጥጥሩ ላላ ያለ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለልጁ ትምህርት ቤት የፈለገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በሩ ላይ «ኢንተርናሽናል» ስለተባለ ብቻ የሚያስመዘግብ ወላጅ የለም። ፈቃዱ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ይጠይቃል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚማር ያጣራል፣ አስተማሪ ቶሎ ቶሎ ይለቅ እንደሆነ ሌሎች ወላጆችን ይሰማል፣ ከቻለም በእረፍት ሰዓት ግቢው ገብቶ ያያል። እዚህም ያው ነው። ፈቃዱ ምን እንደሚል ጠይቁ። የክፍል ተማሪ ቁጥር የምትሉት እዚህ የሌሊቱ ሺፍት ነው፤ ለስንት ነዋሪ ስንት ሰው እንደሚያድር በቁጥር ይንገሯችሁ። የእረፍት ሰዓቱ ደግሞ አመሻሹ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙዎቹ ይረበሻሉ፣ «ቤቴ ልሂድ» ይላሉ፤ የቤቱ ሰዎች ግን ለጉብኝት የሚጠሯችሁ ረፋድ ላይ ነው። ስለዚህ በምሽት ሂዱ። አንድ ልዩነት አለ፤ ልጅ የሆነበትን እቤት መጥቶ ይናገራል፣ እናት ግን ላይናገሩ ይችላሉ። የእናንተ ዓይን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሜዲኬር የሚከፍለው ለሕክምና ነው። ሰው ሆስፒታል ቢያንስ 3 ቀን ተኝቶ ከወጣ በኋላ ለማገገም ነርሲንግ ሆም ቢገባ እስከ 100 ቀን ሊሸፍን ይችላል፤ ከ20ኛው ቀን በኋላ ግን የራስ ድርሻ አለ። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ሌሊት መጠበቅ፣ ማለትም የሜሞሪ ኬር ዋና ሥራ፣ በዚህ ውስጥ የለም። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ያለው የመንግሥት መድን፣ ለነርሲንግ ሆም ይከፍላል፤ ለአሲስትድ ሊቪንግ ግን የክፍሉን ኪራይና ቀለቡን አይከፍልም። አንዳንድ ግዛቶች ዌይቨር በሚባለው ልዩ ፈቃድ በኩል የእንክብካቤውን ወጪ ብቻ ይሸፍናሉ፣ ወረፋም ሊኖረው ይችላል። ቤቱን በልጅ ስም አዙሮ ማመልከትም መላ አይደለም፤ በአብዛኛው 5 ዓመት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይመረመራል። በልጆቻቸው በኩል ግሪን ካርድ አግኝተው የመጡና እዚህ አገር ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ደግሞ ለሜዲኬር ራሱ 5 ዓመት መቆየት አለባቸው።

«ሆስፒታል ነው» የሚለው ስህተት ከገንዘቡም የባሰ ጉዳት አለው። ቤተሰቡ ለባለሙያ አስረክቤያለሁ ብሎ ይርቃል፤ ሐኪም ያውቃል ብሎ ስለ እናቱ አንድም ነገር ሳይናገር ይሄዳል። እሮብ ጠዋት እንቁላል ይቀርብላቸዋል። እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ይላሉ። የልጃቸውን ስም ረስተዋል፣ ጾሙን ግን አልረሱም። ሠራተኛዋ «ምግብ እምቢ አሉ» ብላ ትመዘግባለች። ሁዳዴ ሲገባ ይኸው ነገር 55 ቀን ይደጋገማል፤ ክብደታቸው ይቀንሳል፣ ሐኪሙ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት ያዛል። የጎደለው ምስር ነበር። ማንም ክፋት አላሰበም፤ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ከመግባታቸው በፊት ጾማቸውን፣ የቡናቸውን ሰዓት፣ ማን ቢያጥባቸው እንደሚያፍሩ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ስጡ። ወጥ ቤቱንም ጠይቁ።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሸሻል፤ ዕድሜ ልካቸውን በእንግሊዝኛ የሠሩ አባት ወደ አማርኛቸው ይመለሳሉ። ሽንት ቤት ፈልገው ሲጣሩ የሚሰማቸው ካጡ ይቆጣሉ። መዝገቡ ላይ «ተረበሹ» ይባላል፣ ቀጥሎ ማረጋጊያ ይታዘዛል። ለሳይኮሲስ (የሌለ ነገር ለሚታይበት ወይም ለሚሰማበት የአእምሮ ሕመም) የሚሰጡት መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ በጠንካራ ማስጠንቀቂያ አሳውቋል። አንዳንዴ ግድ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ለምን እንደታዘዙና መቼ እንደሚቆሙ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ሌላም አለ። ደህና የነበሩ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተምታታባቸው፣ በሽታው ብሶባቸው ነው ብላችሁ አትተዉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ውክልናውም መፈረም ያለበት የሚፈርሙት ነገር ምን እንደሆነ ገና ሲገባቸው ነው፤ ካለፈ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ኮንትራቱ ላይ ከዋጋው ይልቅ የማስወጫውን አንቀጽ አንብቡ። ሰው ቢመቱስ? ከአልጋ መነሳት ቢያቅታቸውስ? ገንዘቡ ቢያልቅና ወደ ሜዲኬይድ ቢዞሩስ? የሚያስወጡ ቤቶች አሉ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከገቡ በኋላ ችግር ቢፈጠር በየግዛቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኦምቡድስማን የሚባል፣ የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚሰማ ቢሮ አለ። በነጻ ነው፤ አሲስትድ ሊቪንግንም ይመለከታል፤ ደውሉ።