የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ምንድን ነው? ተማሪን ማስለቀስ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሬዲዮ «የጎጃም ልጆች የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል፤ ክፍል ውስጥ እየተነሡ የደረሰባቸውን ይናገሩ፣ ያልቅሱ፣ ይውጣላቸው» ሲል ሰማሁ። የንግግሩ ፊት እውነት ነው፤ ውጊያው ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ እዚህ ልጅ ያየውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭራው ግን ፊቱን ያፈርሰዋል። መምህራንን በዚህ ጉዳይ ሳሠለጥን ዓመታት ሆነውኛል፤ «ይውጣላቸው» የምትለዋን ቃል በሰማሁ ቁጥር ጨጓራዬ ይላጣል።

ልጅ ከዛፍ ወድቆ እጁ ተሰበረ እንበል። አስተዋይ ጎረቤት እጁን ከደረቱ አስጠግቶ በነጠላ ያንጠለጥልለታል፣ እናቱን ያስጠራል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል። ችኩሉ ደግሞ «እስቲ የቱ ጋ ነው? እዚህ? እዚህስ?» እያለ የተሰበረውን ያገላብጣል። ተንታኙ ያዘዘልን ችኩሉን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት አጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ይቋጨዋል፦ አስተውል፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። «አናግር» የሚል የለበትም። ማዳመጥ ማለት ልጁ ሲያወራ ጆሮ መስጠት፣ ዝም ሲል ደግሞ ሳይጨቀጭቁ አጠገቡ መቀመጥ ነው።

ታዲያ «ይውጣላቸው» ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1983 ጄፍሪ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች ከከባድ አደጋ ሲመለሱ በቡድን ተቀምጠው ያዩትን እንዲያወሩ የሚያደርግ ዘዴ አስተዋወቀ። ዘዴው ከእነሱ አልፎ አደጋ ለደረሰበት ሰው ሁሉ ይሰጥ ጀመር። በኋላ ሲፈተሽ ግን አንድ ጊዜ አስቀምጦ ማስወራት ከአደጋ በኋላ የሚፈራውን የአእምሮ ሕመም አልተከላከለም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ጥናቶች እንዲያወሩ ያልተደረጉት ተሽለው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም አታድርጉት ይላል። ጥናቶቹ በአብዛኛው በአዋቂዎች ላይ መሠራታቸውን መደበቅ አልፈልግም። የመጀመሪያ እርዳታው ራሱም ቢሆን ከጥናት ይልቅ በባለሙያዎች ስምምነት ላይ የቆመ ነው። ቢሆንም ጉዳቱ ካጠራጠረ ነገርና ጉዳት ካልታየበት ነገር ልጄን ለየትኛው እንደምሰጥ አውቃለሁ።

«ባህላችንስ እርም ማውጣት አይደለም ወይ?» ይባላል። ነው እንጂ! ግን ለቅሶ ቤት ሄደን ምን እናደርጋለን? እዝን ይዘን እንገባለን፣ እንቀመጣለን፣ አብረን እናድራለን። ያለቀሰ ያለቅሳል፣ የተናገረ ይናገራል። ሐዘንተኛውን ከሰው ፊት አቁሞ፣ ማይክራፎን አስይዞ «በል ተርክልን» የሚል ቢመጣ በነውረኛነት ይታማ ነበር። የመመሪያው አንጀት ያለው ማይክራፎኑ ውስጥ ሳይሆን እዝኑ ውስጥ ነው።

ስለዚህ መምህሩ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አየሽ?» ብሎ አይደለም፤ «ቁርስ ቀምሰሻል? ማን ጋ ነው የምታድሪው?» ብሎ ነው። ያልበላችውን ማብላት፣ ከዘመድ የተለያየችውን ማገናኘት፣ ደወሉ በሰዓቱ እንዲደወል ማድረግ፣ እረፍት ላይ ኳስ ማግኘት፤ እነዚህ ሁሉ ከሥነ ልቦናው ውጭ አይደሉም። (ሳልጠየቅ ልጨምር፦ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ሁሉ አላዘነም። በቆላው ወባ አለ፣ የደም ማነስ አለ፣ የሆድ ትል አለ። ከሐዘኑ በፊት ትኩሳቱን ይዩት። አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ልጅ ደግሞ አይገረፍም፤ ለወላጅም ይህ ይነገር።)

ወደ እጁ ልመለስ። ወጌሻ በቀርከሃ ስንጥር ሲያስር ከልክ በላይ ካጠበቀው ደም ይቋረጥና እጁ ይሞታል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ልጆች በሀገራችን ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው። ክፍል ውስጥም ማሰሪያ ይጠብቃል። ልጁን «የተጎዳው» ብሎ ለይቶ ማስቀመጥ፣ በየቀኑ «ዛሬስ እንዴት ነህ?» ማለት፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ በዝምታ ማለፍ፣ እነዚህ ማጥበቅ ናቸው። አብዛኛው ልጅ ቤተሰቡና የዕለት ኑሮው ከተመለሱለት ቀስ በቀስ ይጠግናል። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለው ግን፣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ በዚያው ቀን፣ «አገናኝ» የሚለው ቃል ሥራው ይጀምራል፤ ወደ ጤና ባለሙያ ነው።

አንድ ትምህርት ቤት እንግዶች ማይክራፎን ይዘው መጡ። የአምስተኛ ክፍል ልጅ አስነሡ። ቆመች፣ አፏ ተሳሰረ፣ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበር አልወጣችም፤ ጓደኞቿም ስም አወጡላት። የክፍሏ መምህር አንዳች አልጠየቃትም። የእርማት ደብተሮችን እንድታድል አደረጋት፣ ያ ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ራሷ ጀመረችለት። ያወራችው ስለ ተኩሱ አልነበረም፤ ያን ዕለት ስለ ጠፋባቸው ጥጃ ነበር።