ዳርሻን ምንድን ነው? የሚታየውስ ማን ነው?

ሰሞኑን ከሕንድ የተመለሰ አንድ ተጓዥ የጻፈውን ቅሬታ አነበብኩ። በደቡብ ሕንድ ቲሩማላ ተራራ ላይ፣ ቬንካቴሽዋራ በሚባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፎ የአምላኩን ምስል ያየው ለሦስት ሴኮንድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሰልፍ? ይላል። ሌላው ቀጠል አድርጎ ዳርሻን ማለት ጉብኝት ነው ብሎ አስረዳው። ሦስተኛው ደግሞ የለም፣ ሜዲቴሽን ነው፤ ዓይንን ጨፍኖ የቦታውን ኢነርጂ መቀበል ነው አለ።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ስህተቱም ቀላል አይደለም፤ ነገሩን ከነባለቤቱ ነው የሚሰርዘው። የሕንድ ተሳላሚዎችን ማጥናት ሥራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለውን በየጊዜው አነባለሁ። ዛሬ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ዳርሻን ማለት ምዕመኑ አምላኩ ፊት ቀርቦ የሚያይበትና የሚታይበት ቅጽበት ነው። ዋናው መታየቱ ነው። ተጓዡ ሦስት ሴኮንድ ብሎ ሲቆጥር የቆጠረው የራሱን ዓይን ብቻ ነው። ከፊቱ ተሰልፈው የነበሩት እናት ግን ከመንደራቸው ተነስተው፣ ፀጉራቸውን ለስለት ተላጭተው የመጡት የጌታቸው ዓይን እንዲያርፍባቸው ነው። ለዚያ ሦስት ሴኮንድ ይበቃል።

ለኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ከደጅ ጥናት የተሻለ ነገር አላገኘሁም። በድሮው ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ወደ ንጉሡ ወይም ወደ መስፍኑ ግቢ ይሄዳል። ደጅ ላይ ይሰነብታል። ወር ይሞላዋል፤ አንዳንዱን ዓመት ያልፈዋል። የሚጠብቀው ጌታውን ለማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲወጣ ሲገባ ከሩቅ ያየው ነበር። የሚጠብቀው ጌታው እሱን እንዲያየው ነው። ደጅ ጠኚው አገሩ ሲመለስ የእልፍኙ ምንጣፍ ምን ዓይነት ነበር ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጌታው አየህ ወይ? አወቀህ ወይ? ነው የሚባለው።

ይህን ይዘን ወደ ቤተ መቅደሱ እንግባ። ለምዕመኑ ቤተ መቅደስ ከሁሉ በፊት የአምላኩ መኖሪያ ነው። ባለቤቱ እልፍኙ ውስጥ አለ። ጠዋት ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል። ከሰዓት ያርፋል፤ ማታ ይተኛል። ካህናቱ የአጋፋሪነት ሥራም አላቸው፤ ማን መቼ እንደሚገባ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እጅ መንሻ አለ፤ አበባ፣ ኮኮናት፣ ጣፋጭ። ለጌታው ከቀረበው ማዕድ ደግሞ ለደጅ ጠኚው ይደርሰዋል፤ ፕራሳድ የሚሉት ይህ ነው። ከቲሩማላ ሁሉም ይዞት የሚወርደው ላዱ የሚባለው ክብ ጣፋጭ የቱሪስት ማስታወሻ አይደለም። ከጌታው ማዕድ የወጣ ነው፤ ለጎረቤትና ለዘመድ የሚታደለውም ለዚህ ነው።

ራጃስታን ውስጥ ናትድዋራ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ያለው ሽሪናትጂ ነው፤ በልጅነት መልኩ የሚመለክ ክሪሽና የተባለው አምላክ። ቤቱን ሰዎቹ ራሳቸው ሃቬሊ ነው የሚሉት፤ የባለጸጋ ግቢ ማለት ነው። መጋረጃው በቀን ስምንት ጊዜ ይከፈታል። ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ሲለብስ፣ ከብት ሊያሰማራ ሲል፣ ምሳው ሲቀርብ፣ ከቀን እንቅልፉ ሲነቃ፣ መክሰስ ሲቀርብለት፣ ከብቶቹ ማታ ሲገቡ፣ በመጨረሻም ሊተኛ ሲል። በመሃል ይዘጋል። በሩ ዝግ ሆኖ ያገኘው ተጓዥ አስተዳደሩ ሥነ ሥርዓት የለውም ብሎ ይማረራል። የቤቱ ጌታ ግን ተኝቷል። የተኛን ጌታ ቀስቅሱልኝ የሚል ደጅ ጠኚ የለም።

የዓይኑ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚታየው ደግሞ ሲሸፈን ነው። ቭሪንዳቫን ውስጥ በባንኬ ቢሃሪ ቤተ መቅደስ መጋረጃው በየጥቂት ደቂቃው ይዘጋና ይከፈታል። አንድ ምዕመን ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ ቢያየው ክሪሽና በፍቅር ተስቦ አብሮት ይሄዳል ተብሎ ይታመናል። ቲሩማላ ላይ በቬንካቴሽዋራ ግንባር የሚቀባው ትልቅ ነጭ ምልክት ዓይኖቹን በአብዛኛው ይሸፍናል። ምክንያቱ ሲጠየቅ እይታው ሰው የሚችለው አይደለም ይላሉ። ሐሙስ ቀን ምልክቱ ይቀነስና ዓይኖቹ ይገለጣሉ። ያንን ቀን ጠብቀው የሚመጡ አሉ። እኛም አገር የጥንት ነገሥታት ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጡ እንደነበር ታሪክ ያወቀ ሰው ይህ አይደንቀውም።

እዚህ ላይ፣ ታዲያ ድንጋይ አይደለም ወይ? የሚል አለ። ምስሉ ቀራጩ ቤት እያለ ለነሱም ድንጋይ ነው። ቀራጩ ይረግጠዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ካልተስማማው ይጥለዋል። ቤተ መቅደስ ገብቶ እስትንፋስ የሚሰጥበት ሥርዓት ከተፈጸመለት በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ፕራና ፕራቲሽታ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ጥር 22 ቀን 2024 በሰሜን ሕንድ ከተማ በአዮድያ ራም የሚባለው አምላክ ቤተ መቅደስ ሲመረቅ የሕፃኑ ራም ምስል እስከ ሥርዓቱ ድረስ ዓይኖቹ በጨርቅ ተሸፍነው የነበረው ለዚህ ነው። ያልተከፈተ ዓይን አያይም፤ የማያይ ደግሞ ዳርሻን አይሰጥም።

ሕጉ ራሱ ይህን አስተሳሰብ በራሱ መንገድ ይዞታል። በሕንድ ሕግ የቤተ መቅደስ አምላክ ንብረት ሊኖረው፣ ሊከስና ሊከሰስ ይችላል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 አከራካሪውን የአዮድያ መሬት የፈረደው ለራም ላላ ቪራጅማን፣ ማለትም እዚያ ለተቀመጠው ሕፃን ራም ነው። ከከሳሾቹ አንዱ እሱ ራሱ ነበር። ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር መዝለል አልችልም። ያ መሬት የባብሪ መስጊድ የነበረበት ነው፤ መስጊዱን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 የተሰበሰቡ ሂንዱዎች አፍርሰውታል። አዮድያን እንደ ማንኛውም የተቀደሰ ቦታ ብቻ ገልጾ የሚያልፍ ጽሑፍ ስታነቡ ጸሐፊው ግማሹን እንደተወባችሁ ዕወቁ።

የደጅ ጥናቱ ምሳሌ ፑሪ በምትባል ከተማ ላይ በጣም ይሠራል። እዚያ፣ በምሥራቅ ሕንድ ኦዲሻ ግዛት፣ ያለው ጃጋናት የሚባለው አምላክ፣ ከወንድሙ ከባላባድራና ከእህቱ ከሱባድራ ጋር፣ በዓመት አንድ ቀን በ108 እንስራ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ ይታመማል። ሁለት ሳምንት ያህል ምዕመን አያየውም፤ የመድኃኒት ቅጠልና ሥር ይሰጠዋል። ተሳላሚውም የታመመን ጌታ አያስቸግርም። ራቅ ብሎ ብራህማጊሪ ወደሚገኘው ወደ አላርናት ቤተ መቅደስ ሄዶ ዳርሻኑን እዚያ ይወስዳል። ሲያገግም ግን ራሱ ወደ አደባባይ ይወጣል። ራት ያትራ የሚባለው የሠረገላ በዓል ይህ ነው። የጃጋናት ሠረገላ 16 ጎማ አለው፤ የወንድሙ 14፣ የእህቱ 12። ጌታው ደጁን ከፍቶ ወደ ሕዝቡ ይወጣል። ያን ቀን እልፍኝ መግባት የማይፈቀድለትም ይታያል።

ምሳሌው የሚሰበርበትም ቦታ አለ። ደጅ ጠኚ ርስት ወይም ሹመት ፈልጎ ነው የሚቆመው። ዳርሻን የሚወስደው ሰውም ልጅ፣ ጤና፣ ፈተና ማለፍ የሚለምንበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን ምንም ሳይለምን አይቶና ታይቶ የሚመለስ አለ። ናትድዋራ ላይ ደግሞ ጌታው ሕፃን ነው። ብርድ እንዳይመታው የሚለብሰው በብርዱ ወራት ይቀየራል፤ ምዕመኑም እንደ እናት ይሳሳለታል። ደጅ ጠኚ ለንጉሡ አይሳሳም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ የሙያዬ ጠባይ ነው። በዚህ የማይስማሙ ሂንዱዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1875 የተመሠረተው አርያ ሳማጅ የሚባል የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር የምስል አምልኮን ጨርሶ አይቀበልም። ካቢር የተባለው ባለቅኔም ከዘመናት በፊት መልክ የሌለውን አምላክ እየጠራ ቤተ መቅደስ ተኮር አምልኮን ነቅፏል። ሺቫ የሚባለው አምላክ የሚመለክበት ዓምድ መሰል ምልክት፣ ሊንጋም፣ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የለውም፤ ቫይሽኖ ዴቪ የምትባለው፣ ዋሻ ውስጥ ያለችው እናት አምላክም የምትታየው በሦስት የተፈጥሮ ድንጋዮች ነው። መታየት ታዲያ እንዴት? የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ምዕመኑ መልሱ አያስቸግረውም፤ ፊቷ ቆሜ እንደምታየኝ አውቃለሁ ይላል። የጋንጋ ወንዝም፣ የካይላሽ ተራራም፣ ሰውም ዳርሻን ይሰጣል። ጋንዲ በባቡር ሲያልፍ ሕዝቡ በየጣቢያው የሚጎርፈው ለንግግሩ ብቻ አልነበረም፤ ብዙው ዳርሻኑን ፈልጎ ነበር። ጣዖት የሚለውንም ቃል እዚህ ያልተጠቀምኩት አውቄ ነው። እኔ የምገልጸው ሰዎቹ የሚያደርጉትንና የሚያምኑትን ነው፤ ፍርድ ሥራዬ አይደለም።

አሁን ወደ ተጓዡ ልመለስ። መንፈሳዊ ተጓዥ ነኝ የሚል ሰው ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ወደ ቫይሽኖ ዴቪ ከካትራ ከተማ ተነስተው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጡ ሰዎች እናት ጠርታኝ ነው የመጣሁት ይላሉ። ሳትጠራው ማንም አይደርስም ብለው ያምናሉ። ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ ቲኬት ቆርጦ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ገና አልጠራችኝም ብሎ ይመለሳል። የኛ ተጓዥ ደግሞ በአሥር ቀን ሃያ ቤተ መቅደስ ጨረስኩ ብሎ ይጽፋል። ሰው ቤት አይጨረስም። እዚያ ከተገኙ እንደ ጎብኚ መሄድም ነውር የለውም፤ ሕንጻውም ሥዕሉም የሚታይ ነው። ግን ያንን ጉብኝት ብሎ ይጥራው፤ ዳርሻን አይበለው።

የኢነርጂውን ወዳጄንም ልመልስለት። ተሳላሚው ለአፍታ ዓይኑን ጨፍኖ ሊጸልይ ይችላል። ነገር ግን መጋረጃው ሲከፈት ሁሉም አንገቱን አስረዝሞ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚቆመው። ቦታው ጸጥታ የለውም። ይጮኻል፤ ደወል አለ፣ ግፊያ አለ፣ ስም እየጠሩ ማልቀስ አለ። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ጥሩ ነገር ነው የፈለገው፤ ሰዓቱንና ቦታውን ግን ተሳስቷል።

የአጋፋሪው ጉዳይ ግን የሚያምር ታሪክ የለውም። ለብዙ ዘመን ደጁ ላይ እንኳ እንዳይቆሙ የተከለከሉ ሰዎች ነበሩ። ማሃራሽትራ ውስጥ ፓንዳርፑር ቪቶባ የሚባለው አምላክ ከተማ ናት፤ ቫርካሪ የሚባሉት ተሳላሚዎች እየዘመሩ በእግር ይመጡባታል። የ14ኛው መቶ ዘመን ቅዱስና ባለቅኔ ቾካሜላ ማሃር ከሚባለው ጎሣ በመወለዱ እዚያ መግባት አልተፈቀደለትም። መታሰቢያው ዛሬም ከውጭ፣ ደረጃው ሥር ነው። ትራቫንኮር የሚባለው የደቡብ መንግሥት ቤተ መቅደሶቹን ለሂንዱ ሁሉ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የፓንዳርፑሩ የተከፈተው የነጻነት ታጋዩ ሳኔ ጉሩጂ ለዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1947 ከጾሙ በኋላ ነው። መታየት ባይሆን ኖሮ ነገሩ፣ ለመግባት ይህን ያህል ትግል ባላስፈለገ። ድንጋይ ለማየት ማንም አይጾምም።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው ዛሬም የፑሪን ቤተ መቅደስ አይገባም። የምትሄዱ ካላችሁ በር ላይ አትከራከሩ። መግባት ለማይችሉት ተብሎ በአንበሳው በር ፓቲታፓባና የሚባል የጃጋናት ምስል ተቀምጧል፤ ከመንገዱ ይታያል። ፓንዳርፑር ላይም ሰልፉ ያቃተው ሰው የቤተ መቅደሱን ጫፍ ከሩቅ አይቶ፣ እጁን አጋጥሞ ሰግዶ ይመለሳል። ዳርሻኑ ተቆጥሮለታል።

ቀን ስትቆርጡም ጠይቁ። የሺቫ ቤተ መቅደስ የሆነው ኬዳርናት ሂማላያ ላይ ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፤ በረዶው ሲመጣ ከዲዋሊ በዓል በኋላ ይዘጋና በሚያዝያ ወይም በግንቦት ይከፈታል። በበረዶው ወራት ደርሳችሁ ዝግ ነው ብላችሁ አትመለሱ። ሺቫን ተሸክመው ኡኪማት ወደምትባል ከተማ አውርደውታል፤ ኦምካሬሽዋር ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ሂዱ።