ጄድ ኢምፓየር፦ ከኤክስቦክስ ወደ ቤት ኮምፒውተር የተሻገረው የኩንግ ፉ ጌም

ጄድ ኢምፓየር በካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ ያለው የጌም ኩባንያ ባዮዌር የሠራው ሮል ፕሌይንግ ጌም (ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ወስዶ እያሳደገው የሚሄድበት ጌም) ነው። ተጫዋቹ በአንድ ገጠራማ ትምህርት ቤት የማርሻል አርት ተማሪ ሆኖ ይጀምርና ታሪኩ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ድረስ ይወስደዋል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2005 ሲወጣ ለማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ብቻ ነበር። «ስፔሻል ኤዲሽን» የተባለው የኮምፒውተር ቅጂ በ2007 መጀመሪያ በቱኬ (2K) ኩባንያ አሳታሚነት ለዊንዶውስ ቀረበ፤ በ2008 የማክ ቅጂ ተከተለ።

ባዮዌር ከዚያ በፊት ስሙን የተከለው ሌሎች በፈጠሩት ዓለም ላይ ነው። ባልደርስ ጌት እና ኔቨርዊንተር ናይትስ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን በጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ ሕግ የተከተሉ ናቸው፤ የ2003ቱ ናይትስ ኦቭ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ ደግሞ የስታር ዎርስን ዓለም ተውሷል። ጄድ ኢምፓየር ግን ኩባንያው ራሱ ዓለሙንም ሕጉንም ከባዶ የፈጠረበት የመጀመሪያው ሮል ፕሌይንግ ጌሙ ነው። መነሻው የጥንቷ ቻይና አፈ ታሪክ ነው፤ ዕረፍት ያጡ ሙታን፣ ሰው መስለው የሚኖሩ አጋንንት፣ በሰማይ የሚበሩ የእንጨት መርከቦች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ረዥሙን ድርቅ ያስቆመው ንጉሠ ነገሥት ሱን ሃይ አሉበት። ለዚህ ዓለም የሚሆን «ቶ ፋን» የተባለ ቋንቋ ሳይቀር ተፈጥሮለታል። የፈጠረው ከአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የመጣው የቋንቋ ተመራማሪ ዎልፍ ዊክሊ ሲሆን፣ ወደ 2500 የሚጠጉ ቃላት አሉት። ሙዚቃው የጃክ ዎል ነው፤ ይኸው ሰው በኋላ ለሌላው የባዮዌር ጌም ለማስ ኤፌክትም ሠርቷል።

ፍልሚያው

የጌሙ ልብ ፍልሚያው ነው። የባዮዌር ቀደምት ጌሞች ውጊያን የሚወስኑት ከመጋረጃ ጀርባ በሚወረወር ዳይስ ነበር፤ ተጫዋቹ ትእዛዝ ይሰጣል፣ መምታት አለመምታቱን ቁጥር ይወስናል። እዚህ ግን ምቱን የሚሰነዝረው፣ የሚከላከለውና የሚዘለው የተጫዋቹ እጅ ነው። ቁጥሮቹ የሚወስኑት ምቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ እንጂ ያርፍ እንደሆነ አይደለም።

መሠረቱ ሦስት ነገር ነው። ፈጣን ምት ጠላት ኃይለኛ ምት ሊሰነዝር ሲዘጋጅ ያቋርጠዋል። መከላከል ፈጣኑን ምት ያከሽፋል። ኃይለኛ ምት ደግሞ መከላከያን ሰብሮ ይገባል፤ ነገር ግን ለመሰንዘር ጊዜ ስለሚወስድ በመሀል መመታትን ያስከትላል። በዚህ ላይ ዙሪያውን የከበቡትን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚገፋ ምት እና በጠላት ራስ ላይ ተገልብጦ ከጀርባው የማረፍ ዝላይ አለ። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ፈጣኑን ምት ብቻ እየደጋገመ ሲሄድ ነው፤ ጠላት ተከላክሎ ይቆምና ምቱ አልቆ ክፍተት ሲያገኝ ይመልሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጠላት መከላከል ሲጀምር ወይ ዘሎ ከጀርባው መግባት፣ ወይም ትንሽ ራቅ ብሎ ኃይለኛውን ምት ማዘጋጀት።

የፍልሚያ ስልቶቹ አምስት ወገን ናቸው። የእጅና የእግር ስልቶች (ሌጀንደሪ ስትራይክ፣ ሊፒንግ ታይገር፣ ዋይት ዲመን፣ ታውዘንድ ከትስ) ዋናውን ጉዳት ያደርሳሉ። የመሣሪያ ስልቶች በሰይፍ፣ በዱላ፣ በጥንድ ሰይፍና በጥንድ መጥረቢያ ናቸው። ደጋፊ ስልቶች ራሳቸው ሳይጎዱ ጠላትን ያዳክማሉ፤ ሄቨንሊ ዌቭ ያዘገያል፣ ፓራላይዚንግ ፓልም ያደርቃል፣ ስፒሪት ቲፍ ደግሞ ከጠላት ቺ የተባለውን ውስጣዊ ኃይል ይሰርቃል። የአስማት ስልቶች በእሳት፣ በበረዶ፣ በድንጋይና በነፋስ ይመታሉ። የመለወጥ ስልቶች ተጫዋቹን ራሱን ጋኔን ወይም የጄድ ሐውልት ያደርጉታል።

ይህ ሁሉ ብዛት ለጌጥ አይደለም፤ አንዱ ስልት በሁሉም ላይ አይሠራም። መናፍስትን መሣሪያ አይነካቸውም። የድንጋይ ሐውልቶቹን ደግሞ አስማትም ደጋፊ ስልትም አይበግራቸውም። ሰይፉ ላይ ብቻ ነጥቡን ያፈሰሰ ሰው የመናፍስት መንጋ ሲገጥመው፣ አስማት ላይ ብቻ የተማመነም ሐውልቶች ፊት ሲቆም ባዶ እጁን ይቀራል። በየደረጃው የሚሰጠው የስልት ነጥብ አንዴ ከዋለ ስለማይመለስ፣ አንድ የእጅ ስልት፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ደጋፊና አንድ አስማት ወይም የመለወጥ ስልት መርጦ እነዚያን ብቻ ማሳደግ ያዋጣል። ነጥብን በስምንትና በዘጠኝ ስልት መበተን በጌሙ መጨረሻ አካባቢ በጣም ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚጣፍጠው የስልቶች ቅንጅት ነው። ደጋፊ ስልት ይዞ ኃይለኛውን ምት ማሳረፍ፤ ምቱ ሲይዝ በጠላት ላይ ምልክት ይታያል። ምልክቱ ሳይጠፋ ፈጥኖ ወደ እጅ ስልት መቀየርና አሁንም ኃይለኛውን ምት መድገም። ከተሳካ ጠላት የቱንም ያህል ጤና ቢኖረው እዚያው ያበቃለታል፤ ብዙ ጊዜም ቺ ወይም ትኩረት (ሁለቱም ከታች ተብራርተዋል) የሚሞላ ኳስ ጥሎ ይሄዳል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ሁለተኛውን ምት ሲያዘጋጁ ሌላ ጠላት ከጎን መትቶ ሲያቋርጥ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በዙሪያ ምት ሌሎቹን ማራቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጌሙ ዓይኑን የተከለበት ጠላት ሌላ ሲሆን ነው፤ ምቱ ምልክት በሌለው ሰው ላይ ያርፍና ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ቺ፣ ትኩረትና ጤና

ገጸ ባሕርዩ አካል፣ መንፈስና አእምሮ የሚባሉ ሦስት መሠረቶች አሉት። አካል ቀዩን የጤና መስመር፣ መንፈስ ሰማያዊውን የቺ መስመር፣ አእምሮ ቢጫውን የትኩረት መስመር ያረዝማሉ። በጌሙ ውስጥ የሚጠጣ መድኃኒት የለም። ቁስል የሚድነው በቺ ነው፤ ያው ቺ ለአስማት፣ ለመለወጥና ምትን ለማክበድም ይውላል። ትኩረት ደግሞ በመሣሪያ ለእያንዳንዱ ምት ይከፈላል፤ ዓለሙን ሁሉ አዝግሞ ተጫዋቹ ብቻ በፍጥነት እንዲንቀሳቀስ ለማድረግም የሚቃጠለው እሱ ነው። አስማተኛ የሚሆን ሰው እንግዲህ በእያንዳንዱ የእሳት ኳስ የራሱን መዳኛ እየበላ መሆኑን ማወቅ አለበት። ስፒሪት ቲፍ ለእንዲህ ያለው ተጫዋች ከሌሎቹ ደጋፊ ስልቶች ሁሉ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱ መሠረቶች ከፍልሚያም አልፈው ንግግር ውስጥ ይገባሉ። ማባበል፣ መገመትና ማስፈራራት የሚሰሉት ከእነሱ ነው። አእምሮን ችላ ብሎ ጡንቻ ብቻ ያሳደገ ተዋጊ አንዳንድ በር በቃል ሊከፈት ሲችል በጡጫ ለመስበር ይገደዳል።

የተከፈተ መዳፍ፣ የተጨበጠ ጡጫ

የጌሙ የሥነ ምግባር መለኪያ ሁለት መንገድ አለው። የተከፈተ መዳፍ መንገድ ሰው ከዓለም ጋር ተስማምቶ በቦታው እንዲኖርና አቅም ያለው ለሌለው እንዲደርስ ያስተምራል። የተጨበጠ ጡጫ ሰው ሁሉ በራሱ ጉልበት መቆም አለበት ይላል፤ ለደካማ መድረስ ከውድቀቱ ተምሮ የሚጠነክርበትን ዕድል መንጠቅ ነው ብሎ ያምናል። በዚህ አተያይ ሽፍታ ያስቸገረውን ገበሬ ማዳን የመዳፉ ሥራ ሲሆን፣ ገበሬው ራሱ መሣሪያ አንስቶ እንዲጋፈጥ መገፋፋት የጡጫው ነው። ሁለቱም በራሳቸው ልክ ናቸው።

ሐሳቡ የባዮዌር ጸሐፊዎች ካመጧቸው ሁሉ የላቀ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አፈጻጸሙ ግን እኩል አልሄደም። በብዙ ምዕራፎች የጡጫው ምርጫ ፍልስፍናውን ትቶ ተራ ጭካኔና ገንዘብ መውደድ ይሆናል፤ ፍልስፍናው በንጹሕ መልኩ የሚታይባቸው ውይይቶች ጥቂት ናቸው። የጡጫውን መንገድ ከልቡ መጫወት የሚፈልግ ሰው ክፉውን መልስ ሁሉ ከመምረጥ ይልቅ «ይህ ሰው ከዚህ በኋላ ይጠነክራል ወይስ ይደክማል?» እያለ ቢመርጥ ታሪኩ ይበልጥ ይጥመዋል።

ጉዞውና ሰዎቹ

በመጀመሪያ ከሰባት ገጸ ባሕርያት አንዱ ይመረጣል፤ አራቱ ወንድ፣ ሦስቱ ሴት ናቸው። ከእነዚህ መነኩሴ ዜንግ በኤክስቦክስ ላይ «ሊሚትድ ኤዲሽን» በተባለው እትም ብቻ የተሰጠ ሲሆን በኮምፒውተሩ ቅጂ ለሁሉም ተከፍቷል። ታሪኩ የሚጀምረው በቱ ሪቨርስ መንደር፣ በመምህር ሱን ሊ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ በወንዝ ንግድ ወደምትኖረው ቲየንስ ላንዲንግ፣ ቀጥሎም ወደ ኢምፔሪያል ሲቲ ይሻገራል። የታሪኩን የመጨረሻ ሲሶ ለማያውቅ ሰው ማንም ባይነግረው መልካም ነው።

በአንድ ጊዜ አብሮ የሚሄደው አንድ ባልንጀራ ብቻ ነው። እሱም ወይ ይዋጋል፣ ወይ ተቀምጦ ይደግፋል። ዶውን ስታር ስትደግፍ ቺ ስለምትሞላ ለአስማተኛ ከማንም ትበልጣለች። ሄንፔክድ ሁ ጨርሶ አይዋጋም፤ የወይን ማሰሮ እየወረወረ በወይን ለሚሠራው የሰካራም ፍልሚያ ስልት ነዳጅ ያቀርባል። በከተማዋ የፍልሚያ መድረክ እየተወራረዱ መዋጋት ጥሩ ገቢ ያስገኛል፤ ስልቶችን ለመፈተንም የተሻለ ቦታ የለም። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰር ሮደሪክ የሚባል ትምክህተኛም እዚያው ከተማ ይገኛል። ድምፁን የሰጠው እንግሊዛዊው የኮሜዲ ተዋናይ ጆን ክሊዝ ነው። የአገሩን የበላይነት ሊያስረዳ አደባባይ ቆሞ ተጫዋቹ በክርክር ሊያሸንፈው የሚችል ሲሆን፣ ሚራቤል የተባለችው ጠመንጃው ከእሱ ተወስዳ የተጫዋቹ መሣሪያ ልትሆን ትችላለች። በየመሀሉ የሚመጣው በራሪ መርከብ የመንዳትና የመተኮስ ክፍል ግን ከሌላው ጋር አይመጥንም፤ ደግነቱ አብዛኛውን አልፎ መሄድ ይቻላል።

በኮምፒውተሩ ላይ የተለወጠው

የመጀመሪያው ኤክስቦክስ 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 64 ሜጋባይት ራም ብቻ ነበረው። የጌሙ ስፍራዎች ትንንሽ ሆነው የተከፋፈሉት፣ በየበሩም መጠበቅ የበዛው ከዚህ የተነሳ ነው። የኮምፒውተሩ ቅጂ ክፍፍሉን እንዳለ አስቀርቶታል፤ ግን መጠበቁ በእጅጉ አጥሯል፣ ምስሉም በከፍተኛ ሪዞሉሽን ጠርቷል። አይረን ፓልም እና ቫይፐር የተባሉ ስልቶች፣ አዳዲስ ጠላቶችና ጄድ ማስተር የተባለ ከባድ ደረጃ ተጨምረዋል፤ የጠላቶቹም አስተሳሰብ ተሻሽሏል።

ትልቁ ለውጥ ግን እጅ ላይ ነው። በኤክስቦክስ ጆይስቲክ አራት ስልት ብቻ በመስቀለኛው ቁልፍ አራት አቅጣጫ ይያዛል፤ አምስተኛ የፈለገ ሰው ፍልሚያውን አቁሞ ዝርዝሩን መክፈት አለበት። ኪቦርዱ ላይ ስልቶቹ በቁጥር ቁልፎች ተደርድረዋል። ከላይ የተገለጸው ቅንጅት፣ ማለትም ከደጋፊ ወደ እጅ ስልት በቅጽበት መዝለል፣ በዚህ በጣም ቀሏል። በሌላ በኩል እንቅስቃሴው ለጆይስቲክ ዘንግ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ በዙሪያ ጠላት ሲበዛ በኪቦርድ መሽከርከሩ ይከብዳል። ሁለቱንም ሞክሮ የተመቸውን መያዝ ነው፤ ጌሙ ጆይስቲክ ይቀበላል። ባለሙያዎች ለኤክስቦክሱ የሰጡት አማካይ ነጥብ፣ ግምገማዎችን በሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ፣ ከ100 89፣ ለኮምፒውተሩ 81 ነው። ልዩነቱ ከጌሙ ድክመት ይልቅ ከሁለት ዓመት መዘግየቱ ጋር ይያያዛል።

ዛሬ ለማስነሳት

ሲወጣ የጠየቀው ዝቅተኛ አቅም ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ 1.8 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ ጂፎርስ 6200 ወይም ራዲዮን 9500 ግራፊክስ ካርድ እና 8 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ነው። ዛሬ ያለ ግራፊክስ ካርድ የሚሸጥ ተራ ላፕቶፕም በቂው ነው። በዳታ ጥቅል ለሚያወርድ ሰው የሚያሳስበው መጠኑ ብቻ ነው። ስቲምና ጂኦጂ (GOG) በተባሉት የኢንተርኔት ጌም መደብሮች ይሸጣል።

ችግር የሚመጣው ከዊንዶውስ ነው። ጌሙ ሴቭ የተደረጉትን ፋይሎችና ቅንብሩን የሚያስቀምጠው በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ እንዲህ መጻፍን ይከለክላል፤ ስለዚህ ሴቭ ያደረጉት ይጠፋል፣ የቀየሩት ሪዞሉሽን ይመለሳል። ከመጀመሪያው «ጌምስ» ብሎ ሌላ ፎልደር ከፍቶ እዚያ መጫን ይህን ሁሉ ያስቀራል። ተከፍቶ ወዲያው የሚዘጋ ከሆነ በፎልደሩ ውስጥ ያለውን የቅንብር ፕሮግራም በቅድሚያ አስነስቶ ሪዞሉሽኑን መምረጥ፣ ካልሆነም ጌሙን በአስተዳዳሪ መብትና በኤክስፒ ተኳኋኝነት መክፈት ነው። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ባለው ላፕቶፕ ላይ ጠንካራውን በእጅ መምረጥ ይሻላል። ፍልሚያ ላይ እያሉ ሴቭ ማድረግ ስለማይቻል፣ አዲስ ስፍራ ከመግባት በፊት ለብቻው በሌላ ስም ሴቭ ማድረግ ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው።

አስፓየር የተባለው ኩባንያ በ2016 ለስልክና ለታብሌት ያዘጋጀው ቅጂም የስፔሻል ኤዲሽኑን ይዘት ይዟል። ታሪኩን ለማንበብ ይመቻል፤ ስልት መቀያየሩ ግን በመንካት ስለሚዘገይ ጄድ ማስተርን ለሚሞክር ሰው ኪቦርድ ወይም ጆይስቲክ ያስፈልገዋል።