«ሂሳብ አልወድም፣ ላፕቶፔም አሮጌ ነው»፦ ጌም መስራት ስለመማር የሚነገሩ የተሳሳቱ ሀሳቦች

ጌም መስራት መማር የሚፈልግ ወጣት ሳገኝ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ ግን ቀድሞ የሚነግረኝ ለምን እንደማይችል ነው። ሂሳብ፣ ላፕቶፕ፣ እንግሊዝኛ፣ ስዕል። አብዛኞቹ ከሰው ሰው ሲቀባበሉ የመጡ ሀሳቦች ናቸው፣ ገና ሳይጀምር ሰው ያስቀራሉ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ሂሳብ የማይችል ሰው ጌም አይሰራም»

ብዙ ሰው የሚያስፈራው ይሄ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አንድ ገጸ ባህሪ ስክሪን ላይ ሲዘል ከጀርባው ያለው ሂሳብ ምንድን ነው?

ጌም እንደ ፊልም ነው፤ ተከታታይ ምስሎች በፍጥነት ሲቀያየሩ የሚንቀሳቀስ ይመስለናል። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። ብዙ ጌሞች በሰከንድ 60 ፍሬም ያሳያሉ። አሁን ለገጸ ባህሪያችን «ፍጥነት» የሚባል አንድ ቁጥር እንስጠው። ተጫዋቹ የመዝለያውን ቁልፍ ሲጫን ይህ ቁጥር −12 ይሁን። ለምን ኔጌቲቭ? በብዙ የጌም መስሪያዎች ስክሪኑ የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ ወደ ላይ መውጣት ማለት ቁጥሩ መቀነሱ ነው። (ስክራች የሚባለው የጀማሪዎች መማሪያ ላይ ግን እንደ ትምህርት ቤቱ ግራፍ ወደ ላይ ይጨምራል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ እንዳትደናገሩ።)

በየፍሬሙ ሁለት ነገር ብቻ እናደርጋለን። ፍጥነቱን ገጸ ባህሪው ያለበት ቦታ ላይ እንደምራለን። ከዚያ ፍጥነቱ ላይ 1 እንጨምራለን። በመጀመሪያው ፍሬም 12 ፒክስል (ስክሪኑ የተሰራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይወጣል፣ በሁለተኛው 11፣ በሶስተኛው 10። እየደከመ ሄዶ ፍጥነቱ 0 ሲደርስ ከመሬት 78 ፒክስል ከፍ ብሏል። ከዚያ ፍጥነቱ 1፣ 2፣ 3 እያለ ያወርደዋል፤ መሬት ሲነካ እናቆመዋለን። ወጥቶ እስኪወርድ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ያቺ በየፍሬሙ የምትጨመረው 1 የመሬት ስበት ናት። 2 ብታደርጓት እንደ ድንጋይ ዱብ ይላል። ግማሽ ብታደርጓት ጨረቃ ላይ ያለ ይመስላል። መደመር ነው፣ በቃ። ትሪጎኖሜትሪ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ግን የምትማሩት ለፈተና ሳይሆን ጠላት ወደ ተጫዋቹ ዞሮ እንዲተኩስ ስለፈለጋችሁ ነው። እኔ ሳይንና ኮሳይን በደንብ የገቡኝ አንዲት ትንሽ መርከብ ስክሪን ላይ በክብ ለማዞር ስታገል ነው።

«ኃይለኛ ኮምፒውተር ያስፈልጋል»

በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሙሉ ጌሙ 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንድ ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ስዕል ናቸው፤ የተቀየረው ቀለሙ ብቻ ነው። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ደግሞ በ1984 ሞስኮ ውስጥ ቴትሪስን የሰራበት ማሽን ስዕል ማሳየት አይችልም ነበር። የሚወርዱትን ቅርጾች የሰራቸው በቅንፍ ምልክቶች ነው።

ስለዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ለጀማሪ አያንስም። ጎዶት የሚባለው የጌም መስሪያ በነፃ ይገኛል፤ አውርዶ መክፈት ነው እንጂ ኢንስቶል አድርጉኝ አይልም። ለአንድሮይድ የተዘጋጀም አለው። የኢንተርኔት ጥቅል ቶሎ ለሚያልቅበት ሰው ስክራችን አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መስራት ይቻላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ የምትሰሩ ከሆነ ግን እባካችሁ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ። መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው»

ስክራች በ2007 ኤም አይ ቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ኮዱ እንደ ብሎኬት እየተገጣጠመ የሚሰራበት መማሪያ ነው። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ። ፓይተን ወደሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስትሻገሩም በቋሚነት የምታውቋቸው የእንግሊዝኛ ቃላት 35 ገደማ ናቸው። እያደጋችሁ ስትሄዱ እንግሊዝኛ ማንበብ ይጠቅማል፣ አልዋሽም። ለመጀመር ግን አያግድም።

«መጀመሪያ ቋንቋውን ልጨርስ፣ ጌሙ ይደርሳል»

የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አይጨረስም። ቫሪያብል (ስም የተሰጠው ዋጋ፣ እንደ ቅድሙ «ፍጥነት»)፣ «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ፣ ሉፕ (ትዕዛዝን መደጋገሚያ)፣ ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት ሲያስፈልግ የሚጠራ የትዕዛዞች ስብስብ)፣ ሊስት (በተራ የተደረደሩ ዋጋዎች)። እነዚህን አምስቱን ከያዛችሁ ጀምሩ። ሌላው ሲያስፈልግ ይመጣል። «ሲ ፕላስ ፕላስ ካልሆነ እውነተኛ ጌም አይደለም» የሚላችሁን ጓደኛ ለጊዜው እለፉት።

«ቱቶሪያሉን እስከ መጨረሻው አይቻለሁ፣ ስለዚህ ችያለሁ»

ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚቀሩት እዚህ ጋ ነው። ቪዲዮውን እያዩ መስመር በመስመር ይጽፋሉ። ይሰራል። በማግስቱ ባዶ ፋይል ሲከፍቱ እጃቸው ይያዛል። ከዚያ ሌላ ቱቶሪያል ፍለጋ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ቪዲዮውን ዝጉና ነገሮችን ቀይሩ። ኳስ በመምቻ የሚመታበት ጌም ነው እንበል። የኳሷን ፍጥነት በፍሬም 40 ፒክስል አድርጉት። አንዳንዴ ኳሷ መምቻውን ሰንጥቃ እንዳለፈች ሁሉ ወዲያ ማዶ ትገኛለች። ለምን? መምቻው 10 ፒክስል ብቻ ከሆነ በአንድ ፍሬም ከፊቱ፣ በቀጣዩ ፍሬም ከኋላው ናት፤ የነካችበት ቅጽበት የለም። ይህን ራሳችሁ አይታችሁ፣ ራሳችሁ ምክንያቱን ስታገኙት፣ ያ ነው መማር ማለት። አስር ቪዲዮ አይተካውም።

ኤረር ሲመጣም አትደንግጡ። ቀይ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የመስመር ቁጥር ይነግራችኋል። መጀመሪያ እሱን እዩ።

«ስዕል አልችልም»

ገጸ ባህሪው ሰማያዊ ካሬ፣ ጠላቱ ቀይ ካሬ ይሁን። ካሬዎቹ ሲሳደዱ ደስ የሚል ከሆነ ጌሙ ጥሩ ነው። ስዕሉ በኋላ ይለብሳል፤ በነፃ እንድንጠቀምባቸው የተለቀቁ ስዕሎችም ሞልተዋል።

«የመጀመሪያ ጌሜ ሰው የሚያስደንቅ መሆን አለበት»

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባን በሙሉ የያዘ የመኪና ጌም ልስራ ብሎ ተነሳ። ሶስት ወር ሞላ። መንገድ የለ፣ ሰው የለ፣ አንድ መኪና ብቻ ባዶ ሜዳ ላይ ቆማ ቀረች። ልጁ ጎበዝ ነው። የመረጠው ስራ ግን የብዙ ሰዎችና የብዙ ዓመታት ነው።

በ1972 የወጣው ፖንግ የሚባለው ጌም እኮ አታሪ በሚባለው የጌም ኩባንያ ውስጥ ለአዲስ ኢንጂነር መለማመጃ ተብሎ የተሰጠ ስራ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ዓለም የተሻማበትን ፍላፒ በርድ ደግሞ ቬትናም ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ነው የሰራው። ጨዋታው ስክሪን መንካትና በቱቦዎች መሀል ማለፍ ብቻ ነው።

ልጁን «ገበጣ ስራ» አልኩት። ህጉ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ እኛ 12 ጉድጓድና በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ያለውን ያዝን። ለኮምፒውተር ይህ 12 ቁጥሮች ያሉት ሊስት ነው፣ ከ0 እስከ 11 ይቆጠራል። ቁጥር 9 ላይ ያሉትን 4 ጠጠሮች አንስተን ስንዘራ 10፣ 11፣ ከዚያስ? 12 የሚባል ጉድጓድ የለም። እዚህ ጋ ትንሽ ተጨነቀ። መልሱ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው፤ ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ። የ12 ቀሪ 0፣ የ13 ቀሪ 1። ጠጠሮቹ ዞረው መነሻው ላይ ወደቁ። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ባዶ ሜዳ ላይ የቆመችው መኪና አልሰጠችውም ነበር። በሁለት ሳምንት ጨረሰ።

«ለሰው የማሳየው ሲያልቅ ነው»

ጨረሰ ስል፣ እሱ ጨርሻለሁ ብሎ ነበር። ስልኩን ለአያቱ፣ ለእናቴ፣ ሰጣት። ገበጣ ስትጫወት ያደገች ሴት ናት። ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት ዝም በል አልኩት። የሚጫወት ሰው አጠገብ ቆሞ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ግን ጌሙ ራሱ ምን እንደሚናገር የሚታወቀው ያኔ ነው።

እናቴ አንድ ጊዜ ዘራች። ቀጥላ ሌላ ጉድጓድ ነካች። ምንም የለም። ደግማ ነካች። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል ልጄ» ብላ መለሰችለት።

አልተበላሸም። ተራው የኮምፒውተሩ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ግን ያንን የሚናገር ነገር የለም። ልጁ ማታውኑ ቁጭ ብሎ ተራው የደረሰውን ወገን ጉድጓዶች ቢጫ ቀባቸው። ከላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ተራው የእርስዎ ነው»።