ሥርዓተ ነርቭ ምንድን ነው?

እንጀራ የምትጋግር ሴት እጇ ሳታስበው የጋለ ምጣድ ቢነካ፣ እጇን የምትሰበስበው «አቃጠለኝ» ብላ ካሰበች በኋላ አይደለም። እጇ አስቀድሞ ይሸሻል፤ ቃጠሎው የሚሰማት ከዚያ በኋላ ነው። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚፈጸመው ይህ ነገር የሥርዓተ ነርቭን አወቃቀርና ተግባር ለመረዳት ከሁሉ የቀረበ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መልእክት የሚያመጣው፣ መልእክቱን የሚቀበለውና ትእዛዝ የሚያደርሰው ክፍል ሦስቱም በዚያች ቅጽበት ሥራ ላይ ናቸውና።

ነርቭ የሚለውን ቃል በዕለት ንግግራችን ለንዴትና ለጭንቀት ስለምንጠቀምበት፣ ብዙ ሰውም ነርቭን ከጅማት ጋር ስለሚያደባልቅ፣ በመጀመሪያ ትርጉሙን ማጥራት ይገባል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ማሰሪያ ሲሆን፣ ነርቭ ግን መልእክት የሚያመላልሱ የብዙ ቀጫጭን የሕዋስ ክሮች ጥቅል ነው። ሥርዓተ ነርቭ ስንል እንግዲህ አንጎልን፣ ከአንጎል ወርዶ በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ የሚያልፈውን ሕብለ ሰረሰርን፣ እንዲሁም ከሁለቱ ወጥተው እስከ ቆዳ፣ እስከ ጡንቻና እስከ ሆድ ዕቃ የሚዘረጉትን ነርቮች በአንድነት ማለታችን ነው። ከአንጎል 12፣ ከሕብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ማዕከላዊው ክፍል ሲባሉ የቀሩት ዳርቻዊ ይባላሉ።

የዚህ ሁሉ መሠረት የነርቭ ሕዋስ ነው። በሰው አንጎል ውስጥ ብቻ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል። እያንዳንዱ ሕዋስ መልእክት የሚቀበልባቸው ቅርንጫፎችና መልእክቱን የሚያሳልፍበት አክሶን የተባለ አንድ ክር አለው። የሕዋሱ አካል ያለ ማጉያ መነጽር የማይታይ ሆኖ ሳለ፣ ከወገብ አካባቢ ተነሥቶ እስከ እግር የሚደርሰው አክሶን ወደ አንድ ሜትር ሊረዝም ይችላል።

መልእክቱ ራሱ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ በሽቦ ውስጥ ከሚሄድ ኤሌክትሪክ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን አካሄዱ ለሰደድ እሳት ይቀርባል። ሕዋሱ በዕረፍት ላይ ሳለ ጉልበት እያወጣ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ውስጡ ከውጩ ጋር ሲነጻጸር በ70 ሚሊቮልት ገደማ አሉታዊ ሆኖ ይቆያል። የሚቀሰቅሰው ነገር ሲመጣ በሽፋኑ ላይ ያሉት በሮች ይከፈቱና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ በሺኛ ሰከንድ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ ውስጡ አዎንታዊ ይሆንና ተመልሶ ይረጋል። የአንዱ ቦታ መለወጥ የጎረቤቱን በር ያስከፍታል፣ ያም የቀጣዩን፤ ደረቅ ሣር ቀጥሎ ያለውን ሣር እያቀጣጠለ እንደሚሄድ ማለት ነው። ስለዚህ መልእክቱ በየደረጃው እየታደሰ ስለሚሄድ በርቀት አይደክምም። ኃይለኛ ሕመምና ቀላል ንክኪ የሚለዩትም እያንዳንዱ ምልክት በመተለቁ አይደለም፤ ምልክቱ በሚደጋገምበት ፍጥነትና በሚቀሰቀሱት ክሮች ብዛትና ዓይነት እንጂ።

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ባደረገው ልኬት የመልእክቱ ፍጥነት በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳየ። በሰው አካል ውስጥ ማይሊን በተባለ ስብ የበዛበት ልባስ የተጠቀለሉት ፈጣን ክሮች በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይደርሳሉ፤ ልባስ የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ግን በሰከንድ አንድ ሜትር አካባቢ ብቻ ይጓዛሉ። ምጣድ የነካ ሰው መጀመሪያ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ ጥቂት ዘግይቶም እያቃጠለ የሚቆይ ሕመም የሚሰማው ሁለቱ መልእክቶች በተለያዩ ክሮች ስለሚመጡ ነው።

አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጋር በአብዛኛው አይነካካም። በመካከላቸው ሲናፕስ በሚባለው መገናኛ ላይ እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ፤ መልእክቱ ይህን ክፍተት የሚሻገረው በኬሚካል ነው። ሳይንቲስቱ ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 የአንድ እንቁራሪት ልብ ነርቭን ቀስቅሶ የልቡን ምት ካዘገየ በኋላ፣ ያን ልብ ያጠበውን ፈሳሽ ወስዶ በሁለተኛ ልብ ላይ ቢያፈስ ሁለተኛውም ልብ ዘገየ። ነርቭ የማይነካው ልብ በፈሳሽ ብቻ መታዘዙ ለእኔ ከሳይንስ ሙከራዎች ሁሉ ውብ ከሆኑት አንዱ ነው። ልብን፣ ሆድንና ላብን ያለ ፈቃዳችን የሚያስተዳድረው የሥርዓተ ነርቭ ክፍልም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

አሁን ወደ ምጣዱ እንመለስ። የቃጠሎው መልእክት በክንድ ነርቭ ተጉዞ በሕብለ ሰረሰር የኋላ በኩል ይገባል፤ እዚያው በአገናኝ ሕዋሳት በኩል ወደ ትእዛዝ ሰጪው ሕዋስ ይተላለፋል፤ ትእዛዙም በፊት በኩል ወጥቶ ጡንቻውን ያኮማትራል። አንጎል ወሬውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ይሁን እንጂ አንጎል በዚህ ምላሽ ላይ ሥልጣን አለው፤ የሞላ ጀበና የያዘች ሴት እጀታው ቢያቃጥላትም ሳትጥለው ቀስ ብላ የምታስቀምጠው፣ ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝ የሕብለ ሰረሰሩን ምላሽ ስለሚገታው ነው።

ይህ አወቃቀር ጎልቶ የሚታየው አንዱ ክፍል ሲጎዳ ነው፤ አገራችንም ለዚህ የሚያሳዝን ምስክር አላት። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የዳርቻ ነርቮችን የሚሸፍኑትን ሕዋሳት ያጠቃል። ስሜት የሚያመጡት ክሮች ሲሞቱ እጅ ምጣዱን ነክቶ አይሸሽም። ጣቶች የሚጎዱት በአብዛኛው በሽታው በልቷቸው ሳይሆን፣ ሕመም የሚባለው ጠባቂ በመጥፋቱ እየተቃጠሉና እየቆሰሉ ስለሚሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት የተባለው የሕክምና ማዕከል ሥራው የተጀመረው በዚህ በሽታ ላይ ነበር። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ የሞተው ነርቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህም ስሜት የማይሰጥ ቋቁቻ መሰል ምልክት ያየ ሰው ሳይዘገይ ሊመረመር ይገባል።

የጓያ ሽባነት ደግሞ ሌላውን ጫፍ ያሳያል። በደንቢያና በፎገራ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀው ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም በችግር ዘመን ብቻውን የዕለት ምግብ ይሆናል፤ ለወራት ያለ ሌላ እህል ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ሕዋሳት ይጎዳል። በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። የታመመው ሰው አእምሮው ንጹሕ ነው፤ እግሩም ሲነካ ይሰማዋል፤ ነገር ግን የእግሮቹ ጡንቻዎች ድርቅ ብለው ሲራመድ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ።

ለምን ይደርቃሉ እንጂ አይልፈሰፈሱም? የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ፣ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ትእዛዝ ሰጪ ሕዋሳት ስለሚገድል ጡንቻው የሚያዘው አጥቶ ይላላል፣ ይሟሽሻልም። በጓያ ጊዜ ግን እነዚያ ሕዋሳት በሕይወት አሉ፤ የጠፋው ከላይ የሚመጣው ገቺ ነው። ሐኪም ከጉልበት በታች ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርግ በልምሻ የላላው እግር ዝም ይላል፤ ጓያ የጎዳው እግር ግን ከጤነኛው እግር ይልቅ በኃይል ይፈናጠራል።