«ስንት ጊዜ ያጎላል?» አትበሉኝ

ደሴ በረንዳዬ ላይ የሠራሁትን ቴሌስኮፕ ካቆምኩ ወዲህ ሰላምታው ሁሉ ተቀይሯል። «እንዴት አመሸህ?» ቀርቶ «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ሆኗል። ሺህ ብል ደስ ሊላቸው ነው።

ማጉላት እኮ ቀላሉ ነገር ነው። የፊቱን ሌንስ የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ እስከ ብርሃን መሰብሰቢያው ነጥብ ያለውን) ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ማካፈል ብቻ። የፊቱ ሌንሴ ከመነጽር ቤት የገዛሁት ፕላስ አንድ ነው፤ ትኩረቱ 1 ሜትር። የዓይኑ ከተሰበረ ባይኖኩላር የወጣ 25 ሚሊ ሜትር። 40 ጊዜ ያጎላል፣ አለቀ። በ25ቱ ፈንታ 5 ሚሊ ሜትር ብሰካ 200 ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ካልሰካህ ብሎ ድርቅ ሲልብኝ ሰካሁለት። ጨረቃዋ የቀጠነ አጥሚት መሰለች።

«ተበላሸ እንዴ?»

አልተበላሸም፣ ወንድሜ። ብርሃን አጠረን።

ዋናው ነገር ብርሃን የሚገባበት ስፋት ነው። ደህና ሌንስ እንኳ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋት ከ2 ጊዜ በላይ በጥራት ማጉላት አይችልም። የመነጽር ሌንስ ደግሞ በጠርዙ በኩል ቀለም ይበትናል። ስለዚህ ጥቁር ካርቶን 30 ሚሊ ሜትር ቀድጄ እሸፍነዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ከ60 በላይ ማለም ከንቱ ድካም ነው። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነው!

ለማጉላት የምታወጡትን ብር ለማቆሚያው አውሉት። ከጦሳ ተራራ ንፋስ ሲወርድ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፤ 40 ጊዜ የሚያጎላ መንቀጥቀጡንም 40 ጊዜ ያጎላዋል። በመጀመሪያው ማቆሚያዬ ጁፒተር እስክስታ ስትወርድ ነበር ያመሸችው። አሁን አሸዋ የሞላሁት ጆንያ አስሬበት አርፋለች።

ሌላው በአጭሩ። ኮከብ በቴሌስኮፕ አይተልቅም፤ ነጥቡ ይደምቃል እንጂ። ጨረቃ ላይ የተተከለውን ባንዲራ ለማየት ከ200 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ የፍሳሽ ቱቦ ነው።

«በራጅ ፊልም ፀሐይን ማየት ይቻላል» የሚሉትን ግን እቆጣለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ በግርዶሽ ቀለበት ስትሠራ፣ እኛ ሰፈር ራጅ ይዞ ያልወጣ ልጅ አልነበረም። ፊልሙ የሚታየውን ብርሃን ቢያጨልምም የማይታየውን ጨረር ያሳልፋል። ዓይን ደግሞ ውስጡ ሲቃጠል አያምም፤ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። በቴሌስኮፕ ከሆነማ ቅጽበት ይበቃል። እኔ በቱቦው አላየሁም፣ ማንንም አላሳየሁም። ከዓይን ሌንሱ ጀርባ ነጭ ወረቀት ያዝኩ፤ የተገመሰችው ፀሐይ ወረቀቱ ላይ አረፈች። ልጆቹ ራጁን ጥለው መጡ።